ወንድ የማይሳፈርባት መርከብ

ልጅ እያለሁ ወንድ የማይሳፈርባት የጦር መርከብ ነበረችኝ። ከአገር ርቀን፣ ካትሌሆንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ በአከራያችን ግቢ፣ ቀይ አፈር ላይ የተቀመጠች አሮጌ ኮንቴይነር ናት። አባቴ አንድ ጎኗን አስቆርጦ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት አወጣላትና ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ አደረጋት፤ ዳቦ፣ ወተት፣ የስልክ ካርድ፣ በነጠላ የሚሸጥ ሲጋራ፣ አገር ቤት ላምባ የሚሉት ፓራፊን። ከአንዲት የብረት በር በቀር መውጫ አልነበራትም። በበጋ ውስጧ ይግላል፣ ብርድ ሲሆን ግድግዳዋን የነካ እጅ ይደነዝዛል። የፓራፊኑና የዳቦው ሽታ፣ የአባቴም ላብ አንድ ላይ ሆኖ የትምህርት ቤት ሹራቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ስፓዛ ስፓዛ ትሸቺያለሽ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እንደ እኔ በኮንቴይነር ውስጥ ያደጋችሁ ሽታውን ታውቁታላችሁ፣ አላበዛባችሁም።

መርከብ ያደረግናት እኔና ሊንዲዌ ነን። ሊንዲዌ የአከራያችን የልጅ ልጅ ናት። አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ነው የሚላት፣ በዙሉ አያቴ እንደማለት፤ እኛም ሌላ ስም አናውቅላትም። እኔና ሊንዲዌ አስራ አንድ ዓመታችን ነበር። አንድ ቀን አክስቷ የጃፓን ካርቱን በፍላሽ አመጣችላትና መስታወቱ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ ማየት ጀመርን። ታሪኩ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ነው። ጉርድ ቀሚሳቸውንና ካልሲያቸውን እንዳደረጉ እውነተኛ የጦር መርከብ ይነዳሉ። መድፍ ይተኩሳሉ፣ ካርታ ያነባሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣ ተኮራርፈው ይታረቃሉ። አንድም አባት፣ አንድም ወንድም፣ አንድም ተቆጪ መርከቡ ላይ የለም። የሚያወሩት ጃፓንኛ ነው። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሊንዲዌ ቶሎ ታነበዋለች፣ እኔ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ያመለጠኝን ከራሴ ፈጥሬ እሞላዋለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደያዘን አሁን ይገባኛል። የሊንዲዌ እናት ርቃ ነው የምትሠራው፣ በዓመት አንዴ ትመጣለች። እኔ ከሱቅ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሱቅ ነኝ። ሁለታችንንም ማንም የትም አይወስደንም ነበር። እነዚያ ልጆች ግን ራሳቸውን ይወስዳሉ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ዩኒፎርማችንን ሳናወልቅ፣ የዳቦ ሳጥን ላይ ቆመን በፍርግርጉ መንገዱን እንቃኛለን። ስኳር ልትገዛ የመጣች ሴትዮ የጠላት መርከብ ናት። መሪያችን የመወልወያ እንጨት ነው። በሩን የሚዘጋው ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፉ አረንጓዴ ክር ታስሮለት ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር፣ ሁለተኛውን አባቴ ነው የሚይዘው። ሕጋችንም ይኸው ቁልፍ ነው። ቁልፉ አንገቷ ላይ ያለው ካፒቴን ናት፣ ሌላዋ ትታዘዛለች። ካርቱኑ ውስጥ ካፒቴን ቁልፏን ለማንም አትሰጥም አልኳት፤ ሊንዲዌም ተቀበለችኝ።

ሱቁ ውስጥ የሚያድረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታምራት ነው። ከሆሳዕና ተነስቶ፣ ድንበር ለድንበር ስምንት ወር ተንከራትቶ የገባ ሰው። አገር ቤት ዘማሪ ነበር፣ ዳቦ ሲደረድር እንኳ በሀዲይኛ ያዜማል። ወንድ አይሳፈርም ስንለው ሳቀብን።

«እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ጭነት ነኝ። ጭነት አይቆጠርም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ጭነት ሆኖ ቀረ። ሊንዲዌ ከእኔ በለቃቀመቻት አማርኛ «ጭነት፣ ዳቦ አምጣ» ስትለው «ጭነት አያመጣም፣ ይሸከሙታል እንጂ» ይላታል፤ ዳቦውን ግን ያመጣል። ማካሮኒ ቀቅሎ መጀመሪያ የሚሰጠው ለእሷ ነበር። እኔ እቀና ነበር፣ ልደብቀው አልችልም።

አንድ ሰሞን ሊንዲዌ እኔም ካፒቴን ልሁን አለች። ተራዋ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ቁልፉን ከለከልኳት። በአምስተኛው ቀን «መርከቧ ያለችው በእኛ ግቢ ነው» አለችኝ። ዕቃው የእኛ ነው አልኳት። «እንግዲያው ዕቃሽን ይዘሽ አገርሽ ግቢ» አለች። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ቃሉን ከመንገድ ነው የለቀመችው። እኔም የመለስኩላትን ከእኛዎቹ ትልልቅ ሰዎች ነው የለቀምኩት። እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ተኮራረፍን።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ከእኩለ ቀን በፊት ለቀቁን። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ጅምላ ሻጮቹ ያሉበት ጀፕስታውን ወርዶ ነበር። ሱቅ ስደርስ እናቴ ትንሹን ወንድሜን አዝላ ቦርሳ ትሞላለች፤ ከስልኳ የሌሎቹ ሱቀኞች የድምፅ መልእክት እየተከታተለ ይወጣል። ዝጉ፣ የውጭ ሰው ሱቅ የሚዘርፉት ወደ እናንተ እየዞሩ ነው።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የምናደርገው የታወቀ ነበር። ሴትና ልጅ ይወጣል። አንድ ወንድ ዕቃውን ሊጠብቅ ውስጥ ይቀርና በሩ ከውጭ ይቆለፍበታል። ጓጉንቸር ያየ ሰው ውስጥ ሰው አለ ብሎ አይገምትም፤ ጠባቂውም ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቁልፉ ለአከራይ ይሰጣል፤ ነገሩ ሲበርድ ወይም ሲብስ ትከፍትለታለች። ሁለት ጊዜ አድርገነው ሁለት ጊዜም ሠርቶልን ነበር። ጎጎ ሁለቱንም ጊዜ በሩን ከፍታ «አንተ፣ አለህ እንዴ?» ብላ ስቃበታለች።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ባኪውን፣ ፒካፕ መኪናውን፣ አስነስቶ ይጠብቀን ነበር፣ ከኋላው ሌሎች ሴቶችና ልጆች ተሳፍረዋል። ጋሼ ታምራት የመስኮቱን ብረት ከመዝጋቱ በፊት በፍርግርጉ አየኝና «ካፒቴን፣ ጭነትሽን አትርሺ» አለኝ። እናቴ በሩን ቆለፈች። ቁልፉን እጄ ላይ አድርጋ፣ «ሮጠሽ ለጎጎ ስጫት» ብላኝ ወደ መኪናው ሄደች።

ሮጥኩ። ጎጎ ጓሮ ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰበች ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ሊንዲዌ ናት። እጇን ዘረጋችና «አምጪ» አለችኝ።

ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ምናልባት ፀሐይ አይኗ ገብቶ ይሆናል፣ ይህን ስንት ዓመት አሰብኩት። ብቻ እኔ ያየሁት ካፒቴን ልትሆንብኝ ነው። ጋሼ ታምራትን አላየሁም። በሩን አላየሁም። ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ቁልፉን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ መኪናው ተመለስኩ።

«ሰጠሻት?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

የወሰዱን ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ነው። እናቶች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ ሕፃናት ብስኩት ይበላሉ። አባቴ ከጀፕስታውን በቀጥታ እዚያው መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጋሼ ታምራት ደወለ። በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ግቢ ገብተዋል፣ ድምፅ አላሰማም አለና ዘጋ። ሁለተኛ ሲደውል አላንሾካሾከም። «መስኮቱ ሥር እሳት ለኮሱ። ጭስ እየገባ ነው። ጎጎ ትክፈት በላት።»

አባቴ ለጎጎ ደወለ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍቶት። ጎጎ ቁልፍ አልደረሰኝም አለች። ልጄ አምጥታለች፣ ለልጅሽ ሰጥታት ይሆናል፣ ቤቱን ፈትሺ አላት። ከኋላ ሊንዲዌ «አልሰጠችኝም» እያለች ታለቅሳለች። አባቴ ዞሮ አየኝ።

«ሰጥተሻታል አይደል?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ሰጥታለች። ጠይቄያታለሁ» አለች።

እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቁልፉ ቁርጭምጭሚቴን እየቆረቆረኝ ነበር።

ጎጎ አመነችን። ስልኩ ሳይዘጋ ስትፈልግ ሰማናት። የሶፋውን ትራስ ስታነሳ፣ የሊንዲዌን ቦርሳ ስታራግፍ፣ የኩሽናውን መሳቢያ ጎትታ ማንኪያና ሹካውን ስትበትን። መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ፈተሸችው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ፍለጋውን የተወችው ከኮንቴይነሩ ጩኸት ሲመጣ ነው። ዶማ ይዛ በሰዎቹ መሃል አልፋ ጓጉንቸሩን ሰበረችው፤ የጋለውን በር በባዶ እጇ ጎተተችው። ጋሼ ታምራት ደፉ ላይ ወድቆ ነበር። ነፍሱ ወጥታለች።

በቀጥታ ልጻፈው። «እኔ ጋ ነው» ብል ኖሮ ጎጎ መሳቢያ አትፈትሽም ነበር። ዶማውን ነበር የምታነሳው።

አስከሬኑ ወደ ሆሳዕና ሄደ። ለቅሶው ላይ የተወራው አከራይዋ ቁልፉን ደብቃ አስጨረሰችው ተብሎ ነው። እጇ መቃጠሉ ሲሰማ ደግሞ ከረፈደ ፀፅቷት ነው ተባለ። ካትሌሆንግ ዳግም አልረገጥንም። አባቴ ዙሉ መናገር ተወ፤ ሰላም የሚለውን ደንበኛ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስለት። እናቴ ደግሞ ያቺን ሴትዮ ይቅር የምልበት ልብ ስጠኝ ብላ ትጸልያለች። አጠገቧ ተንበርክኬ አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት አልኩ።

አሁን ማትሪክ ጨርሼ ጀፕስታውን ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ እሠራለሁ። ካርቱኑ ዛሬ ስልክ ላይ ሞልቷል፣ ባለፈው ዓመት ከፍቼ አየሁት። አሁን እንግሊዝኛው አያመልጠኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁ፤ ካፒቴኗ ቁልፏን አትሰጥም የሚል ነገር የለም። ቁልፍ የሚባል ነገር ራሱ የለም። ካመለጠኝ ቦታ ላይ እኔ የፈጠርኩት ነው።

ያንንም ይዤ ዝም ብዬ እኖር ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ አዲስ ሰው የመጀመሪያ ሱቁን ሊከፍት ዕቃ ሊገዛ መጣ፣ ከወንድሙ ጋር ሊሠራ ነው። አሠሪዬ ብርድ ልብስ እየቆጠረለት ይመክረዋል።

«ችግር ሲመጣ ቁልፍ ለአከራይ እንዳትሰጥ። ካትሌሆንግ ላይ አንድ ልጃችንን ቁልፉን ደብቀው አስጨረሱት።»

«ታዲያ ለማን ልስጥ?»

«ይዘኸው ሂድ።»

«ውስጥ የሚቀረውስ?»

አሠሪዬ ትከሻውን ሰበቀ። «እግዚአብሔር አለ» አለው።

ሰውዬው እሺ ብሎ ገመድ ማሰር ጀመረ። ለካ የእኔ «አዎ» ደንብ ሆኗል። ስንቱ በር በእሱ እንደተቆለፈ አላውቅም። ቁልፉ አከራይዋ ጋ አልነበረም አልኳቸው። አሠሪዬ በምን አወቅሽ አለኝ። እኔ ጋ ነበር አልኩ። ሰውዬው ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ቆይቶ ሰውዬው፣ ለእኔ ሳይሆን ለብርድ ልብሱ የሚናገር ይመስል፣ «ለአከራዬ እሰጣለሁ» አለ።

ለአባቴ እሑድ ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን አጠፋና ቁጭ አለ። ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ቢመታኝ ይሻል ነበር። የጠየቀኝ እናትሽ ታውቃለች ወይ ብሎ ነው። አታውቅም አልኩት።

«አትንገሪያት። ሰጥታለች ያለችው እሷ ናት» አለኝ።

እናቴ አማርኛ ታነባለች። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ነግሬያታለሁ ማለት ነው። የምትጸልይበት ይቅርታ ለጎጎ አይደለም፣ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው፤ ብታደርገውም ባታደርገውም አድራሻውን ትወቅ።

ቅዳሜ ታክሲ ይዤ ካትሌሆንግ ሄድኩ። ኮንቴይነሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሰው መኪና ያጥባል። በሩን የከፈተችልኝ ሊንዲዌ ናት፣ ልጅ ታቅፋ። አላቀፈችኝም፣ አላባረረችኝም። ከእጄ የተንጠለጠለውን የቁልፉን አረንጓዴ ክር አየችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ጎጎ ኩሽና ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ሁሉንም በዙሉ ነገርኳት። ስጨርስ እጇን ዘረጋች፣ ቁልፉን መዳፏ ላይ አደረግኩላት። ጣቶቿ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አይታጠፉም። ቁልፉ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምንታናሚ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ሁሉም ቦታ ፈልጌው ነበር።»

ሊንዲዌ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ጎንበስ ብላ ቁልፉን አነሳች። የኩሽናውን መሳቢያ ከፈተች፣ ማንኪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አሁን አለ» አለች፤ መሳቢያውንም ዘጋችው።