ወደ ታች የሚገፋ ክንፍ

ልጄ እዚሁ አርባ ምንጭ ተምራ ሲቀላ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች። ይሄ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አሮጌዋን መኪናዋን ለውድድር ማሰናዳቷ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ መኪናዋ ዞረች። እኔ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር አማትባለሁ።

ከዚያ ረጅም የብረት ነገር ተሸክማ መጣች።

"ምንድን ነው?"

"ክንፍ ነው እማዬ። ከኋላ ይገጠማል።"

እኔ የማውቀው የዶሮ ክንፍ ነው። አጥር እየዘለለች ስታስቸግረን እንቆርጠዋለን። መሬት ላይ መቆም ያቃታት ልጅ ደግሞ ልትበር ነው ብዬ፣ ሥራ ስትሄድ ከላንቴ መንደር በመጣልን የሙዝ ክምር ሥር ደበቅሁት።

በማግስቱ ሙዝ ልትቆርጥ ስትል አገኘችው። አልተቆጣችም።

"አብሮ እንዲበስል ነው?"

"እንዳትበሪ ነው።"

ስቃ ስታበቃ "ትሪ ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

መኪናዋ ውስጥ አስገብታኝ፣ የላንቴ መንገድ ላይ እየነዳች ትሪውን በመስኮት አስወጣችኝ። የፊት ጠርዙን ቀና ሳደርገው ነፋሱ እጄን ወደ ላይ አነሳው። "አሁን ፊቱን ድፊው" አለች። ስደፋው ክንዴን ቁልቁል ተጫነው።

"ክንፉም እንዲህ ተደፍቶ ነው የሚገጠመው። የኋላውን ጎማ መሬት ያስይዘዋል።"

"ታዲያ መጫኛ አትሉትም? ክንፍ ብላችሁ ሰው ታስደነግጣላችሁ።"

ስትገጥመው አጠገቧ ቆምኩ። ማሰሪያው ላይ ከላይ ወደ ታች አምስት ቀዳዳ አለ። ቡሎኑ ወደ ታችኛው ቀዳዳ በሄደ ቁጥር ክንፉ ይበልጥ ይደፋል።

"ሲደፋ ጥሩ ይጫናል፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ግን ያዘገያል" አለችኝ።

"ያዘገያል? በይ አምስተኛው ላይ እሰሪው።"

"እማዬ፣ ልወዳደር እንጂ ለቅሶ ልደርስ አይደለም የምሄደው።"

"ለቅሶ እንዳይመጣ ነው እኮ የምልሽ።"

እሷ ልምምድ ቦታው ሄደን ሁለተኛው ላይ አስራ ሞከረች፤ ኋላው አሁንም ተንሸራተተ። ሦስተኛውም ያው ነው። አራተኛው ላይ አስራ ስትነሳ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ በጨርቁ ውስጥ አየሁ። መኪናዋ መታጠፊያውን ይዛ፣ ኋላዋ ሳይነቃነቅ ወጣች። "እሺ፣ አራተኛው ይሁን" አልኳት።

የውድድሩ ቀን ስትመለስ ፊቷ በላብ ርሷል።

"ቀጥታው ላይ ሁሉም አለፉኝ" አለች።

"ይለፉ። ምን አስቸኮላቸው?"

"መታጠፊያው ላይ ግን እኔ አለፍኳቸው።"

ይቺኛዋን አልወደድኳትም። ግን አራተኛው ቀዳዳ ላይ ተስማምተናልና ውሃ ሰጠኋት።