ጥፋቱን የማትናገር ቀይ መብራት

ያች ቀይ መብራት አንድ ሙክት፣ አንድ ጣሳ የሞተር ዘይት፣ ለጁምዓና ለገበያ ብቻ የምለብሰውን ነጭ ሸሚዝና ግማሽ የገበያ ቀን ፈጅታብኛለች። መጠኗ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም።

ጊዜው ደርግ ነው። ሰቆጣ ላይ መኪና ያለው ነጋዴ በጣት ይቆጠራል። እኔም ከአንድ ወዳጄ ጋር ለሁለት የገዛናት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችኝ። ከትግራይ ስትመጣ አሞሌ ጨው ትጭናለች፤ ስትወጣ ያገኘችውን። የዚያን ሳምንት ጭነቷ ከቆላው ከኒሯቅ በእግር ያስመጣኋቸው አርባ ፍየሎች ነበሩ። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ቅዳሜ የኮረም ገበያ የቅበላው መጨረሻ ነው። ቅዳሜ ያልተሸጠ ፍየል ክርስቲያኑ ጾም እስኪፈታ ድረስ ሃምሳ አምስት ቀን መኖዬን እየበላ ያፈጥብኛል ማለት ነው።

ፍየሎቹ ዓርብ ማታ ደረሱ። ባለ በረቱ ለማሳደሪያ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ሳቄ መጣ።

«በዚህ ዋጋማ በረቱን ካንተ ጋር እገዛው ነበር» ብዬው ወጣሁ። ፍየሎቹን ግቢዬ አስገብቼ መኪናዋ ዙሪያ፣ ካገኘሁት ብረት ሁሉ ጋር አሰርኳቸው። ብልህ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሾፌሬ መጡ። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩን አስነሱት። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ መብራት ሞተር ሲነሳ መጥፋት ልማዷ ነው፤ ያን ቀን እምቢ አለች።

«የዘይት መብራት ናት» አሉና አጠፉት። «ዘይት ካልዞረ ሞተር ነክሶ ይቆማል። ይህች እያበራች አልነዳም።»

መለኪያዋን መዝዘን አየን። ሙሉ ነው። «እንግዲያው ዘይቱ አርጅቷል» ብለው አስለወጡኝ። አዲሱን ዘይት ጠጥታ እንደገና ቀላች።

መካኒክ አስጠራሁ። አስመራ ጋራዥ ያደገ ሰው ነው፤ ዋጋው አንድ ሙክት፣ ክርክር አያውቅም። የያዘውን ዱላ አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ጽቡቅ፣ ደህና ናት። ያንተን ያህል እንኳ አታስልም።»

«ታዲያ መብራቷ ምን እያለች ነው?»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካድሬ ሆናለች። ጥፋተኛ ነህ ትልሃለች እንጂ ጥፋትህን አትነግርህም።»

ሾፌሩ አልሳቁም። መካኒኩ እሳቸውን ለማሳመን አንዲት ቀጭን የዘይት ቱቦ ፈታና «ቀረብ ብለህ እይ» አለኝ። ቀረብኩ። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ እንደ ምንጭ ፈንድቶ በነጩ ሸሚዜ ላይ ከአንገቴ እስከ ወገቤ አለበሰኝ።

«ይኸው፣ ዘይቱ ይገፋል። ውሸታሟ መብራቷ ናት» አለ። ቱቦውን መልሶ አሰረና ከአርባው አንዱን ሙክት በቀንዱ ይዞ ሄደ።

«ሰምተዋል ጋሼ፣ እንጫን?»

«እሱ ይሂድ። እኔ የማምነው እሷን ነው።»

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሽማግሌው ፊታቸውን ሊታጠቡ ዞር ሲሉ አምፖሏን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

«ጋሼ! ድናለች፣ ይምጡ ይዩ!»

መጡ። ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዞሩና ቆም ብለው አዩኝ።

«ሞተር ሳይነሳ መብራት ነበረባት። አምፖሏን ወዲህ በል።»

«የምን አምፖል?»

«ኪስህ ውስጥ ያለችውን።»

ሰጠኋቸው። እሳቸው ሲመልሷት እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ፣ አንዲት ጥቁር ፍየል ከሞተሩ ሥር አንገቷን አስግጋ ትልሳለች። አጎንብሼ ገባሁ። ባለፈው ጉዞ ዝናብ የመታው አሞሌ ቀልጦ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት እየፈሰሰ፣ ብረቱንም ሽቦውንም ጨው ቀብቶት ኖሯል። ፍየሎቼ ሌሊቱን መኪናዋን ሲልሱና ሲያኝኩ አድረዋል። ወደ መብራቷ የሚሄደውን ሽቦ ልብሱን ገፈውታል፤ ራቁቱን ብረት ላይ ተጋድሟል። ሽቦው ብረት እስከ ነካ ድረስ፣ ዘይት ኖረም አልኖረም እሷ ትበራለች።

ሽቦውን በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቀለልኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ መብራቷ ጠፋች።

ሽማግሌው ወርደው ገመዶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«እዚህ ማን አሰራቸው?»

«ያመጣቸው እረኛ ይሆናል።»

«እረኛው ማታውኑ ተመልሷል።»

«እንግዲያው ራሳቸው ታስረው ነዋ፣ ጋሼ።»

ያን ጊዜ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጫን፣ አንተ ሌባ!»

ኮረም የደረስነው ገዢው ሥጋውን ይዞ ወደየቤቱ ሲበተን ነው። ከሠላሳ ዘጠኙ ሃያ ስድስቱን፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው በሚሸጥበት ዋጋ ሸጥኩ። አሥራ ሦስቱን ሃምሳ አምስት ቀን ቀልቤ ለፋሲካ ሸጥኳቸው። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ትርፌ አራት ብር ነበር።