ጠባቂ የሌለው ደሴት

ያረጀ መጽሐፍ ስገልጥ ሽታው ወዳደግኩባት ሞላሌ ይመልሰኛል። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የመርከበኞች ልብ ወለድ ለአባባ ሳነብላቸው ይታየኛል። መርከበኞቹ የደረሱበት ደሴት መሬቱ ሁሉ የጋራ ነው፤ ዳኛም ጠባቂም የለም፤ ሁሉም ያሻውን ይወስዳል።

አባባ የአገሬው ሁሉ የጋራ የሆነውን የጓሳን ሣር ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። በዚያው ሳምንት፣ እንዲታጨድ ሳይፈቀድ ያጨደውን የገዛ ወንድማቸውን ሽማግሌ ፊት አቅርበው አስቀጡት። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም።

"ጠባቂ የለም አልሽ?"

"የለም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ጸሐፊው ሣር አያውቅም" አሉና ወደ አጎቴ ቤት አሻግረው አዩ። "ወይም ወንድም የለውም።"

ያኔ አልገባኝም። ዛሬ የራሴን ደሴት እየጻፍኩ ነው። መርከቡ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የሣር ጠባቂው ነው፤ ወንድሙ አኩርፎታል።