ሐይቅ ዳር የመጣው ነጭ ቁራ

ከጅዳ በተመለስኩ ሰሞን ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሰይድ በእርሻ ድንበር ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የአባቴ መልስ አንድ ነው፦ «ወላሂ፣ ቁራ ሲነጣ እታረቀዋለሁ!»

አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ስወርድ፣ ከጥቁሮቹ ቁራዎች መሐል አንድ ነጭ ቁራ የዓሣ አንጀት ሲጎትት አየሁ። ላባውም ምንቃሩም የነጣ፣ ዓይኑ ቀላ ያለ ነው። ሰውም ከብትም አንዳንዴ ቀለም አጥቶ እንደሚወለደው መሆኑ ነው። በስልኬ ቀርጬ ለአባቴ ባሳየው፣ «ይሄማ እርግብ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እልህ ያዘኝና በባጃጅ ይዤው ወረድኩ። ነጩ ቁራ እዚያው አለ። አባቴ ጠጋ ብሎ ትክ ብሎ ሲያየው «ቋ!» ብሎ ጮኸበት። አባቴ ክው አለ።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መሐላ እኮ ነው፣ አባ» አልኩት።

ዞር ስንል አጎቴ ሰይድ ከኋላችን ቆሞ ቁራውን አፍጥጦ ያያል።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው አባቴ።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «ተወኝ ወንድም ዓለም፣ እኔም የማልኩት ቁራ ሲነጣ ብዬ ነው።»