የዘሃራ ስንኝ

ጊዜውን በትክክል አላስታውሰውም። ደቡብ ሱዳን ከተለየች ወዲያ ነው፤ ስኳር በየሳምንቱ የሚወደድበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ያለፈውን አትጠይቁኝ። ነገሩን ግን አልረሳሁትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም፤ ሌላውን ሁሉ እየተናዘዝኩ ይህችን ብቻ እውጣታለሁ። ዛሬ ብሎጌን ለምታነቡት ለእናንተ እናገራለሁ። እኔ የሰው ግጥም ሰርቄያለሁ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ በሱዳን ዋና ከተማ፣ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የምሸጥባት ዱካን አለችኝ። ከጆንያዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ደግሞ ወደ አገር የተመለሱ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ መጻሕፍት ደርድሬያለሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነባቸዋለሁ፤ ክረምት የጀመርኩትን በጋ እጨርሰዋለሁ። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ብሎግ የሚሉትን ሲከፍትልኝ፣ ስላነበብኩት መጽሐፍ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ሽንኩርት፣ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ተሳፍሬ ስለሰማሁት ወሬ መጻፍ ጀመርኩ። አንባቢ ግን አልነበረኝም። አንድ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ እሱም ሳያነብ «ግሩም ነው» የሚል።

ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ጁምዓ እረፍቷ ስለሆነ ድልድዩን ተሻግራ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዱካኔ ትመጣለች፤ እኔም ከመጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ያነበብኩላትን ግን በሳምንቱ ቃል ሳታስቀር መልሳ ትነግረኛለች። አንድ ጁምዓ ነጠላ እያጣጠፈችልኝ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሆና እንዲህ አለች፤

የሰው ልብስ ስተኩስ ዕድሜዬ ታጠፈ፣
የኔማ ቀሚሴ ሻንጣ ውስጥ አረፈ።

እጄ ላይ የነበረው መጽሐፍ ባዶ መሰለኝ። እሷ ወጥታ እንደሄደች ስልኬን አንስቼ ግጥሟን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስሜን አደረግሁ። ረስቼ ነው ልበላችሁ? አልረሳሁም። መጀመሪያ የሷን ስም ጀምሬ ነበር። አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ።

አንባቢ ጎረፈ። «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀው ነው?» ይሉኛል። አንድ የተማረ ሰው ደግሞ፣ ቀሚስ ያሉት አገርን ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው የሌላዋን ቀሚስ ከሻንጣዋ አውጥቶ «አገሬ ነው» የሚል? እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ለእንቁጣጣሽ ሐበሻው ተሰብስቦ አዳራሽ ተከራየና ግጥሙን እንዳነብ ጠሩኝ። ዘሃራ ከኋላ በትሪ ለስላሳ እያደለች ኖሯል። ያየኋት ማይኩን ከያዝኩ በኋላ ነው። ያኔ መተው እችል ነበር። አልተውኩም፤ እያየችኝ አነበብኩት። የእኛን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሁለት ስንኝ ሲጥል መልስ ያለው ያነሳል። ጭብጨባው ሳይበርድ ዘሃራ ትሪዋን አስቀምጣ ከቆመችበት መለሰች፤

ሻንጣውን ክፈቱት ቀሚሴም ይውጣልኝ፣
የሰፋሁት እኔ ሌላ አይልበስብኝ።

አዳራሹ «ይበል፣ ይበል» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ቀሚስ መልበስ ከመቼ ወዲህ ነው?» ቢሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ለነሱ ጨዋታ ነው። የገባን እኔና እሷ ብቻ ነን። ሰዎቹ ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ እውነቱን የምናገርበት በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ተማሪዬ ናት» አልኩ። ከስርቆቴ ይልቅ የምታቃጥለኝ ይህች ቃል ናት። ማን ማንን ነው ያስተማረው?

ከዚያ ወዲያ መጻፍ ተውኩ። ጁምዓ ጁምዓ እነዘሃራ የሚመጡበት ሰዓት ሲደርስ ዱካኔን እዘጋለሁ። አንድ ቀን ግን ቀደም ብላ መጥታ በሩን ስጎትት ደረሰችብኝ። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አባባ፣ ሌባ ፈርተው ነው የሚዘጉት?» አለችኝ። «ሌባውማ ከውስጥ ነው።»

ላለቅስ ስል እሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና፣ «ስልኩን ያምጡ። ያላ፣ ይጻፉ። እላይ ላይ ስሜን» አለች።

ጻፍኩ። እሷ ትላለች፣ እኔ በአንድ ጣቴ እለቅማለሁ፣ መልሼ አነብላታለሁ። አንድ ቃል ከለወጥኩባት፣ «እሷ የእርስዎ ናት፣ ያውጧት» ትለኛለች። ብዙም ሳይቆይ ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች በስንኝ ይመልሱላት ጀመር፤ አንዷ ከኩሽና፣ አንዷ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ሰምታ ወዲያው ትመልሳለች። ዱካኔ ሞላች። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው በርበሬውን ረስቶ ይሄዳል። እኔ ዕድሜዬን ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ሰው እንደዚያ ሲሰበስቡ አላየሁም።

በሌላ እንቁጣጣሽ መድረክ ላይ የወጣችው እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ። ለስላሳ የማደሉን ሥራ ለምኜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ግጥሟን ስትጨርስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ትሪዬን እንደያዝኩ እልል አልኩ። ወንድ እልል አይልም ካላችሁ እኔ ብያለሁ፤ ደግሜም እላለሁ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ግጥም ግን እስከ ትናንት ድረስ በስሜ እንደተቀመጠች ነበረች። ስምዎን ያጥፉት ብላኝ አታውቅም፤ እኔም አላጠፋሁትም። ዛሬ ጠዋት የኔን ስም አጥፍቼ የሷን ጻፍኩ። ይህን ልነግራችሁ መሆኑን ሳማክራት፣ «ይናገሩ፤ ግን እያለቀሱ አይጻፉት» አለችኝ። እያለቀስኩ አይደለም።

አልተማርኩም፣ ብቸኛ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። አለመማር አያሰርቅም። እሷን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ይኸው እየጠየቅኳት ነው። ከዚያ ሐፍረት እጄን ይዛ ያወጣችኝም የበደልኳት እሷው ራሷ ናት፤ ዘሃራ ሰይድ።