ሽጉጤ ያሳመረው ቅጽ

ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ልጁ ፍሬገነት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ የድሃ ልጅ ብለው እንዳይንቋት ሲል የክፍያ ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ገቢውን አብዝቶ ሞላ። ዩኒቨርሲቲውም አምኖት ግማሹን ብቻ ሸፈነላት።

«አባዬ፣ ሀብታም አደረግከን እኮ» አለችው እየሳቀች። ይግባኙን ራሷ ጻፈች፤ እሱ እውነተኛው ገቢ ላይ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ከወር በኋላ የትምህርቱ ክፍያ በሙሉ ተሸፈነ፤ የመኝታው ብቻ ቀረ። እሑድ ለእቁብተኞቹ ጉዱን ሳይደብቅ ነገራቸው። ከመካከላቸው መኪና ለመግዛት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ዘነበ በዚያው ቀን ዕጣ ወጣለት።

«በል፣ ለመኝታው አንተ ውሰደው» አለው ወደ ሽጉጤ ዞሮ። «እኔ ታክሲ ለምጃለሁ።»

ሽጉጤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን ስንት እሑድ እንደተቀመጠ ገና አሁን ገባው።