የበጓ ፊልም

ሶፋ አዳሹ፣ ሰው የሚበሉ እንስሳት ያሉበት ፊልም ይወዳል። ያውም ርካሾቹን፤ ግዙፍ ሸርጣን ከባሕር ወጥቶ ከንቲባውን ሲያሳድድ፣ ዶሮ በመኪና መስኮት ገብታ ሹፌር ስትውጥ፣ ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅበትን። ሌላው ሰው የሚንቀውን እሱ እንደ ቁም ነገር ቁጭ ብሎ ያያል።

ነገሩ የጀመረው ሚስቱ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። ቁም ነገር ያለው ፊልም ያስለቅሳታል፤ ዜናው ያስጨንቃታል። አንድ ቀን እንዲያው በአጋጣሚ፣ ሰው በላ በግ ያለችበት ፊልም መጣ። እሱ ዕድሜውን ከጨርቅና ከስፖንጅ ጋር የኖረ ሰው ነውና፣ ይቺማ የአልጋ ልብስ ናት፣ ሆዷ ላይ ዚፕ አለ ሲላት ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እሱ ከሥራ ሲገባ አብረው ያያሉ። እሱ አውሬውን ከምን እንደሰፉት ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ ሊበላ የተቃረበውን ሰውዬ ትሳደባለች፤ ምን ይገትረዋል፣ እግር አልፈጠረበትም ወይ ትላለች። ሞት በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገዛ ጭራው እየተደናቀፈ ሲመጣ ማየት ለሁለቱም እረፍት ነበር። የእሷ ሕመም ስፌቱ የሚታይ አልነበረም። ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያች ክፍል ብዙ ተሳቀ።

እሷ ስታርፍ ቤቱ ሰፋበት። ለቀስተኛው ተበታትኖ ብቻውን የቀረ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሚያደርገው ቢያጣ የበጓን ፊልም ከፈተ። የሚስቱ ጆሮ ከደከመ ጀምሮ ድምፁ ከፍ እንዳለ ነበር። በጓ የመጀመሪያውን ሰው ስትይዝ ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ሰውዬው ራሱን አንድ ነገር አደረገ ብለው በሩን በርግደው ገቡ። ከፊት የነበረችው የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ያየችው ግን በግ አፍ ውስጥ የሚወራጭ ፖሊስና ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን የእህቷን ባል ነው።

«የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ኮሜዲ ትከፍታለህ?» አለችው።

እሱ አልሳቀም ነበር። ያለ ሚስቱ የሚያስቅ ነገር አላገኘበትም። ይህን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ያስረዳ? ከዚያ ቀን በኋላ እህትዬው እግሯን ከቤቱ ነቀለች። ሲደውል አታነሳም። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስቱን አንስቶ አብሮት ሊያወራ የሚችል ሰው ከእሷ በቀር አልነበረውም። በጸሎቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምነው እርቋን ሆነ።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። እህትዬው ናት፤ የሟቿን ካፖርት ልትወስድ መጥታ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺው በግ ስትሮጥ ነበርና ሊያጠፋ ተሯሯጠ።

«ተወው» አለች። «ይሄ ነው ያስቃት የነበረው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ስደውልላት ስታቃስት ነው የምሰማት።»

«ለእርስዎ ነበር የምታቃስተው። ከእኔ ትደብቀዋለች።»

እህትዬው ካፖርቱን እንዳቀፈች ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፊልሙን አብረው አዩ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ጉድጓድ ውስጥ አንድ ትልቅ እንቁላል ታየ።

«የምን እንቁላል ነው?»

«የበጓ ነው። በሁለተኛው ክፍል ይፈለፈላል ይባላል።»

«በግ እንቁላል ትጥላለች?»

«ይቺ ትጥላለች፣ እትዬ።»

አፏን በካፖርቱ እጅጌ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተው፤ ሊጠይቃትም አልደፈረም። ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ሁለተኛውን አይታው ነበር ወይ ብላ ስለ እህቷ ጠየቀችው። አልደረሰችበትም አላት። እሱም ብቻውን ሊከፍተው አንጀቱ እንዳልቻለ ነገራት።

«እንግዲያው ክፈተው» አለች፣ ካፖርቱን ሳታስቀምጥ።